የሌሊቱ መጥረቢያ

መብራት ሄደ አይደል? ይሂድ። ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ አጠገብ ያለኸው አንተ፣ መቀርቀሪያውን እይልኝ። የዛሬው የኛ አገር ታሪክ አይደለም። ከባሕር ማዶ፣ አዝቴክ የሚባሉ ሰዎች ሐይቅ ላይ ከተማ ሠርተው ከነበረበት አገር ነው። መንፈስ እንደሆነ አገር አይመርጥም።

እኩለ ሌሊት አልፏል። መንገዱ በሐይቁ ዳር፣ በሸምበቆ መሃል ነው። አንድ ሽማግሌ ብቻውን ይሄዳል። ማን መሰላችሁ? ማሳትል ነው፣ የንጉሡ አማካሪ። ንጉሥ አንግሧል፣ ንጉሥ ቀብሯል፤ ራሱ ግን አንድም ቀን ዘውድ አልደፋም። «ዘውዱ ለምኔ? የሚናገረው እሱ፣ የሚያናግረው እኔ» ይል ነበር። ጦርነት ሲል ጦርነት ይሆናል። መሥዋዕት ይብዛ ሲል የሰው ልብ እየወጣ ለአማልክቱ ይቀርባል። በገዛ እጁ ግን ቢላ ጨብጦ አያውቅም። ወደ ንጉሡ ጆሮ ጠጋ፣ ሹክ፣ አለቀ።

ታዲያ በዚህ ሌሊት ምን ፈለገ? አዲሱ ንጉሥ አልሰማ አለው። «አባባ፣ እንግዲህ ይረፉ» አለው። አንጀቱ አረረ።

በዚያ አገር አንድ እምነት አለ። ሌሊት በዱር መጥረቢያ ሲመታ ከተሰማ እንጨት ቆራጭ አይደለም። ራስ የሌለው ሰው ነው። ደረቱ እንደ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ እንደ መጥረቢያ ቋ የሚለው እሱ ነው። ፈሪ ይሸሻል። ደፋር እጁን ሰድዶ ልቡን ይይዛል። መንፈሱ ልቡ ከተያዘ የለመኑትን ሁሉ ይሰጣል።

ከመንገዱ ዳር ባለ መንደር ጫፍ ላይ አንዲት ሴት ደጇ ተቀምጣለች።

«እናቴ፣ መጥረቢያው ወዴት ነው የሚሰማው?» አላት።

ሺሎ ትባላለች። ባሏ ቶቺን ለዕርቅ ወደ ከተማ ሄዶ፣ ንጉሡ ቤት እንግዳ ሆኖ፣ ማዕድ ቆርሶ ነበር። ማሳትል ለፊተኛው ንጉሥ ሹክ አለ። ቶቺን ከማዕዱ ተነሥቶ ለመሥዋዕት ቤተ መቅደስ ወጣ፣ አልተመለሰም። ማሳትል ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ከሸምበቆው ወዲያ ነው ጌታዬ» አለችው። «ከኛ መንደር ግን ልቡን ልያዝ ብሎ የሚሄድ የለም።»

«ፈርታችሁ ነዋ።»

«እንደርስዎ ያለ ጠፍቶ ነው» አለች።

ለምን እንደማይሄዱ አልነገረችውም። እኔም ብሆን አልነግረውም።

ሄደ። ቋ። ሩቅ ነው። ሄደ። ቋ። ቀረብ አለ። ሸምበቆው ተከፈለ። መጀመሪያ እግር አየ። ከዚያ ትከሻ አየ። ከትከሻው በላይ ምንም የለም። ደረቱ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ቋ።

ሸሸ? አልሸሸም። ክፉ ቢሆንም ደፋር ነበር። ደረቱ ሲከፈት እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ። ግራ ዳበሰ። ቀኝ ዳበሰ። ምን ያዘ መሰላችሁ? ምንም። ልብ የለም። ማን አስወጣው? እናንተ ንገሩኝ።

ከደረቱ ውስጥ ድምፅ መጣ። «ያኔ ከማዕድ አስነሥተኸኝ እዚህ የገባኸው በሰው እጅ ነበር። ዛሬ በገዛ እጅህ መጣህ። በል፣ ምን ልስጥህ?»

ማሳትል ለነፍሱ እንኳ አልለመነም። «ንጉሡ... ንጉሡ ይስማኝ» አለ።

«ይሰማሃል።»

ቋ! ደረቱ ተዘጋ።

ሲነጋ ማሳትል ከተማ ገባ። ቀኝ እጁ የለም። ንጉሡ ደንግጦ ከዙፋኑ ወረደ። «አባባ፣ ምን ሆኑ? ይንገሩኝ፣ እሰማዎታለሁ» ብሎ ጆሮውን አስጠጋለት። ያ ሁሉ የሚፈራው አፍ ተከፈተ።

ቋ።

እስኪሞት ድረስ ሌላ ቃል አልወጣውም። እጁ ከቀረባት ሌሊት ጀምሮ ግን በሺሎ መንደር መጥረቢያው ዝም አለ፤ እሷም ከስንት ዘመን በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት።

እንግዲህ የኔ አለቀ። ሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ። በሰው እጅ ክፉ ያሠራማ ከነጭራሹ አይውጣ።

አንተ፣ መቀርቀሪያውን አይቼዋለሁ አላልከኝም?