ሦስቱን ኪኒን ባንዴ

እናቷን አቅፋ ከብቸና እስከ ሞጣ በአውቶቡስ ስትንገላታ የመጣች ልጅ፣ ሰልፍ ያዢ ቢሏት ትሰማለች? ጥሩአየሁ አልሰማችም። እናቷን ወይዘሮ ወለተ ሐናን የሐኪም ቤቱ አግዳሚ ላይ አጋድማ በቀጥታ ወደ መድኃኒት መስጫው መስኮት ሄደች።

መስኮቱ ላይ ያለው ደምለው ነበር። ባለፈው ሳምንት ለእናቷ የደም ግፊት ኪኒን የሰጠው እሱ ነው። ያን ቀን ደጋግሞ አይቷት፣ እሷም አይታው አንገቷን ደፍታ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኗ እሳት ሆኗል።

«ምንድን ነው የሰጠሃት? ትናንት ኪኒንህን ውጣ ተዝለፍልፋ ወደቀች!»

«ኧረ እኔ… ወረቀቱ ላይ ጽፌላቸዋለሁ እኮ። በቀን ሦስት ጊዜ ብዬ።»

«በምን ቋንቋ?»

ደምለው ወረቀቱን አየው። እንግሊዝኛ ነው፤ እሱም የተሞነጫጨረ።

«እናቴ በስተርጅናዋ መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጥራለች። አንብቢ ብላችሁ አስተምራችሁ የማታነበውን ትሰጧታላችሁ? ምነው፣ ሰው አልመሰለቻችሁም?»

ደምለው ከመስኮቱ ኋላ ወጣና አግዳሚው ሥር ቁጢጥ አለ።

«እማማ፣ ኪኒኑን እንዴት ነው የዋጡት?»

ወይዘሮ ወለተ ሐና ዓይናቸውን ገለጡ። «ሁዳዴ አይደል ልጄ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም በአፌ አይዞር። ቅዳሴ ሲወጣ ሦስቱንም ባንዴ ዋጥኋቸው። የቀኑን ላጉድል?»

ይኼን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። አንድም ሰው!

ሐኪሙ ሁለት ቀን አስተኛቸውና ተሻላቸው። ግን «ጾሜን ከምሽር ልሙት» ብለው ድርቅ አሉ። ኪኒኑን ቢተዉት ግፊቱ ሊገድላቸው ነው፣ ባንዴ ቢውጡት ደግሞ ኪኒኑ።

እሑድ ደምለው ብቸና ወርዶ የንስሐ አባታቸውን አባ ገብረ ኪዳንን አገኘ። አባ ሲሰሙ ጮኹ።

«ለታመመ ሰው መድኃኒት ጾም አይሽርም! ቀድሞስ ማን ጠየቀኝ? እናንተ ኪኒን ትሰጣላችሁ፣ እኔ ንስሐ እሰጣለሁ፣ መሐል ላይ ሴትዮዋ ትሙት?»

አባ ራሳቸው ወይዘሮ ወለተ ሐና ቤት ድረስ መጥተው ኪኒኑን በየሰዓቱ እንዲውጡ ፈቀዱላቸው። ደምለውም የኪኒኑ ፖስታ ላይ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ብሎ በትልልቁ በአማርኛ ጻፈ፤ ወይዘሮ ወለተ ሐና ፊደል በፊደል አነበቡት። ጥሩአየሁ በሩን ተደግፋ ታየዋለች። ቀና ሲል ዓይኖቿን ከሱ ላይ አልነቀለችም።

ከዚያ ወዲህ ደምለው ለያንዳንዱ በሽተኛ ሳያስረዳ አይሰጥም፤ ሰልፉም ረዘመ። የሐኪም ቤቱ ኃላፊ «አንተ መድኃኒት ስጥ እንጂ ማን አስተምር አለህ?» ብሎ ወደ ጉንደ ወይን ጤና ጣቢያ አዛወረው። ሰው አዳንክ ተብሎ ቅጣት!

ደምለው ጥሩአየሁን ሊሰናበታት ብቸና መጣ።

«ጉንደ ወይን መድኃኒት ሰጪው እኔ ብቻ ነኝ፤ ቶሎ ቶሎ አልመጣም። እ… ትጠብቂኝ ይሆን?»

«እኔ? አልጠብቅህም።»

ፊቱ ተለዋወጠ። መሬት መሬት አየ።

«ምን ያስደነግጥሃል! ፋሲካ እንዳለፈ ሽማግሌ ላክ። አብሬህ እመጣለሁ፤ ለሴቶቹ እኔ አስረዳለሁ፣ ለወንዶቹ አንተ። ያ ኃላፊህ እስቲ ሁለታችንን ያዛውረን!»

ከጓዳ ወይዘሮ ወለተ ሐና ሳቃቸው አመለጣቸው።