የሳቅንበት ሞት

ዳምጤ መድረኩ ላይ ሲወድቅ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው መርማሪ ሰርክአዲስም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ደሴ ፒያሳ ነበር። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት የቴአትር ቡድን የጥንቱን አሳዛኝ ተውኔት ወደ ቀልድ ለውጦ ለአሥረኛ ጊዜ እያሳየ ነው። በድሮው፣ ንጉሡ መርዝ ጠጥቶ ይሞታል፤ በአዲሱ ግን «ስኳር አንሶታል!» እያለ አልሞት ይላል። ያን ቀን ንጉሡን የሚጫወተው ዳምጤ ይህንኑ ተናግሮ ጉሮሮውን ያዘ፤ ተንፈራገጠ፤ በዚያው ቀረ። መሞቱ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ተሳቀ።

ዋንጫው ውስጥ የእውነት መርዝ ተገኘ። ከመጋረጃው ጀርባ ዋንጫውን ሊነኩ የሚችሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሰርክአዲስ ሳቁ ከጆሮዋ ሳይወጣ ተራ በተራ ጠየቀቻቸው።

ንግሥቲቱን የምትጫወተው ከይሪያ የዳምጤ እጮኛ ነበረች፤ በቅርቡ ተለያይተዋል። ዋንጫውን ከንጉሡ በፊት የምትቀምሰውም እሷ ናት።

«ስትጠጪ አይቻለሁ። እንዴት ተረፍሽ?»

«ወላሂ አልጠጣሁም! የረመዳን ቀዷ፣ ያልፆምኩት ቀን ዕዳ፣ ነበረብኝና ፆመኛ ነበርኩ። የጠጣሁ መስዬ ነው የመለስኩት።»

ደራሲው ሙሄዲን ደግሞ ዳምጤ ቃሌን ይለውጥብኛል ብሎ ጠዋት ተጣልቶት ነበር።

«ዛሬ ሁሉም አኩርፎኛል» አለ። «ለከይሪያ እንኳ ሻይ ባመጣላት አልፈልግም አለችኝ።»

ሦስተኛው ጋሼ ስማቸው የሚባሉት አዛውንት ናቸው። በድሮው ተውኔት ንጉሡ እሳቸው ነበሩ፤ በአዲሱ ዋንጫ የሚያቀብል አሽከር ሆነዋል።

«ከይሪያ እንደ ልጄ ናት» አሉ። «እሷን አትንኪብኝ።»

በማግስቱ ሰርክአዲስ ሦስቱንም ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ዘጠኝ ጊዜ ስትጫወቱ ከይሪያ ከዋንጫው በእርግጥ ትጠጣ ነበር» አለች። «መርዝ ቢገባበት ቀድማ የምትሞተው እሷ ናት። ገዳዩ የጠበቀው እሷ የማትጠጣበትን ቀን ነው። ሙሄዲን መጾሟን አላወቀም፤ ቢያውቅ ሻይ አያመጣላትም። ከይሪያ ራሷ ብትሆን ደግሞ ጠጥቻለሁ ባለች ነበር፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይመሰክርላታል። ከይሪያ፣ መጾምሽን ለማን ነገርሽ?»

ከይሪያ ቀስ ብላ ዞረች። «ለጋሼ ስማቸው ብቻ። ዋንጫውን ሞልተው እንዳይሰጡኝ ብዬ።»

ስማቸው አንገታቸውን ደፉ።

«በዚያ ሞት ሃያ ዓመት ሰው አስለቅሻለሁ» አሉ። «እናንተ መሳቂያ አደረጋችሁት። አንድ ቀን ንጉሡ የምር ይሙት፣ ሰውም ያልቅስ ብዬ ነው።»

«ዳምጤስ ምን አደረገዎት?» አለች ከይሪያ።

«እሱማ ምንም አላደረገኝም።»

ሰርክአዲስ ለለቅሶ ወደ ዳምጤ ቤተሰቦች አገር ወደ ደጋን ሄደች። የዳምጤ እናት እጇን ያዟት።

«አንቺም እዚያው ነበርሽ አሉ። ልጄ ሲወድቅ አጠገቡ ሰው ነበረ?»

«አዳራሹ ሙሉ ነበር፣ እማማ።»

«ተመስገን! ብቻውን አልሞተማ። ታዲያ ሰዉ ምን አለ?»

«የእኔም እንባ ፈሶ ነበር፣ እማማ» አለች ሰርክአዲስ።