የሐሙስ ማታው ንባብ

ዓርብ ጠዋት ሲት ዘሂያ የተጠራችው ለቅሶ ልትደርስ ሳይሆን ያሳደገችውን የእህቷን ልጅ ልትሰናበት ነበር። የመንደሩ ጸሎት ቤት፣ የኸልዋው፣ አለቃ ሼኽ መልሐም ሐሙስ ማታ ቤታቸው ውስጥ፣ የኋላ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ፣ የምድጃው ድንጋይ ሥር ወድቀው ተገኙ። ገደላቸው የተባለው ይኸው የእህቷ ልጅ ፋሪስ ነው። ማታ የጀመረው በረዶ የተራራውን መንገድ ዘግቶታል፤ የመንግሥት ፀጥታ ጠባቂው ጃንደርማ ከታች ቢጠራም የሚደርሰው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። የሟቹ ወንድም ካሚል ግን ሦስት ቀን የሚጠብቅ ሰው አይደለም። ጠመንጃውን አንግቶ፣ «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከቀብር መልስ ፋሪስን አነጋግረዋለሁ» አለ። ካሚል በምን እንደሚያነጋግር መንደሩ ያውቃል።

ዘሂያ መንደሩ በአክብሮት «ሲት» የሚላት፣ ነጭ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ የምትሸፍን ባልቴት ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከኸልዋው የሴቶች መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ወንዶችን ሳታይ ስትሰማ ኖራለች። የጠፋ በግ ቢሆን፣ የተነቀለ የድንበር ድንጋይ ቢሆን፣ ሰው ወደ ዳኛ ከመሄዱ በፊት ወደ እሷ ይመጣል።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነበር። ሐሙስ ማታ ስብከቱን ሁሉም ሰማ። ስብከቱ ሲያልቅ እንደ ወትሮው አላዋቂዎቹ ወጡ፤ ሃይማኖቱ የተገለጠላቸው ዐዋቂዎች በሩን ዘግተው ምሥጢሩን ማንበብ ጀመሩ። ሼኽ መልሐም ትኩሳት ይዟቸው ቤት ቀርተዋል። አላዋቂዎቹ ሲበተኑ እህታቸው ሾርባ ወስዳላቸው በሕይወት ነበሩ። ንባቡ ሲያበቃ አዛውንቱ ሼኽ ሃኒ ሊጠይቋቸው ቢገቡ ሞተው አገኟቸው። ስለዚህ ገዳዩ ከአላዋቂዎቹ አንዱ ነው ተባለ። በዚያ ማታ ከወጡት አምስት አላዋቂዎች ደግሞ አራቱ ካሚል ቤት ካርታ ሲጫወቱ ነበር።

ፋሪስ የታሰረው የወይራ መጭመቂያው ቤት ነው። በመስኮቱ ፍርግርግ አነጋገረችው።

«በላህ?»

«አክስቴ፣ ሊገድሉኝ ነው፤ አንቺ ስለ ምግብ ትጠይቂኛለሽ?»

«የበላ ሰው በደንብ ያስባል። ከኸልዋ ወጥተህ የት ሄድክ?»

«ቤት። ማን አየህ ካልሽኝ ፍየሏ ብቻ ናት ያየችኝ።»

«ረቡዕ ከሼኹ ጋር ምን አጣላህ?»

«ታውቂያለሽ። ጆርጀትን ላግባ አልኳቸው። 'ከወገናችን አይደለችም፤ የእኛ በር ለሚገባም ለሚወጣም ዝግ ነው' አሉኝ። እኔም በርግጄው እሄዳለሁ አልኩ። እሄዳለሁ ነው ያልኩት እንጂ እገድላለሁ አላልኩም።»

«ስትዋሽ ጆሮህን ታካለህ። ዛሬ አላከክም።»

«እጄ ታስሮ በምን ልከክ?»

ዘሂያ ሳትወድ ፈገግ አለች። ልቧ አምኖታል፤ ያሳደገ ልብ ግን ምስክር አይሆንም። ፀሐይዋ ወደ ላይ ስትወጣ አይታ እርምጃዋን አፈጠነች።

ሼኽ ሃኒ ቤት ስትደርስ አዛውንቱ እግራቸውን በሙቅ ውሃ ነክረው ተቀምጠዋል።

«ምን ሆኑ?»

«ማታ ነፋሱ በረዶውን ደጃፉ ላይ አራግፎት፣ ያወለቅነው ጫማ ሁሉ ሞልቶ አልነበር? ሳላይ እግሬን ከተትኩት። ሁላችንም እያነከስን ነው የተመለስነው።»

«የእኔም ሞልቶ ነበር። ካሚል ስለ ዐዋቂዎቹ ጠይቆዎታል?»

«አዎ። ሁሉም ሐሙስ ማታ ኸልዋ ነበሩ አልኩት። አልዋሸሁም።»

ስለ ውሸት ያነሳ ሰው አልነበረም። ዘሂያ ነገሩን በልቧ ይዛ ተነሳች። ከዚያ በየዐዋቂዎቹ ቤት እየዞረች ስለ ጫማቸው ጠየቀች፤ አንዱ ሲስቅ፣ አንዱ ሲራገም፣ ሁሉም ስለ በረዶው አወሩላት። በመጨረሻ ሼኽ ሸኪብ ቤት ገባች። ሸኪብ ዝምተኛ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ አፍልቶ ሰጣት።

«ወንድሜ ሸኪብ፣ ጫማህ ደረቀልህ?»

«ጫማዬ ምን ሆነ?»

«ምንም። እንዲያው ለጨዋታ ነው» አለች ዘሂያ፤ ማቴውን ግን ሳትጨርስ ተነሳች።

ዐዋቂን ንባብ ሲጀመር ከአላዋቂዎች ጋር የሚያስወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጥፋቱ ከንባቡ መታገድ። የታገደን ሰው ነውር ደግሞ ወንድሞቹ ሊሸፍኑለት ግዴታ አለባቸው፤ እሷም እንደዚያው። ዝም ካለች ፋሪስ ይሞታል፤ ከተናገረች የራሷን የሃይማኖት ወንድም ትገልጣለች። መንገዱ በረዶ፣ ቤቱ ጠመንጃ፣ ሕጉ ዝምታ ሆነባት።

በስምንት ሰዓት ሁሉም ለቅሶው ቤት ተሰበሰበ። አስከሬኑ መሐል ተጋድሟል፤ ፋሪስ እጁ እንደታሰረ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ካሚል፣ ከመቅበርህ በፊት እንድትሰማኝ እሻለሁ» አለች ዘሂያ። «ወንድምህ የሞቱት ንባቡ ውስጥ እያለን ነው። ዐዋቂዎቹ ሁሉ ውስጥ ነበሩ ብለህ ፋሪስን ያዝክ። ግን እስከ መጨረሻ የቆየ ሰው ሁሉ ጫማው በረዶ ሞልቶ ነው የጠበቀው። ዛሬ ዞሬ ጠየቅሁ። አንድ ሰው ጫማው ምን እንደሆነ አያውቅም።»

«ማን?»

«እኔ አልናገርም። ሼኽ ሃኒ፣ 'ኸልዋ ነበሩ' አሉ፤ እውነት ነው፤ ስብከቱን ሁሉም ሰምቷል። እኔ የምጠይቅዎት ሌላ ነው። ንባቡ ሲጀመር ከዐዋቂዎች የወጣ አለ?»

«ሲት ዘሂያ፣ የወንድምን ነውር መሸፈን ግዴታችን ነው።»

«ይህ ልጅ በእርስዎ ዝምታ ሊሞት ነው። አለ ወይስ የለም?»

ሼኽ ሃኒ ወደ ታሰረው ልጅ ዞረው አዩ። ሰባ ዓመት ለወንድም ዋሽተው አያውቁም።

«አለ። ሸኪብ ወጥቷል። ሼኽ መልሐም አግደውት ነበር።»

ካሚል ጠመንጃውን አነሳ። ሼኽ ሃኒ በእጃቸው ገፉት። «ወንድምህ አፈር ሳይለብስ ደም ብታፈስ፣ ከእኛ አንድም ሰው ቀብሩ ላይ 'ይማረው' አይልለትም።» ካሚል አስከሬኑን አይቶ፣ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ አወረደ።

ሸኪብ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ከስምንት ዓመት በፊት ተቆጥቼ ሚስቴን ዐድላን ፈታሁሽ አልኳት» አለ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በሕጋችን የፈታሃትን አትመልስም፤ አንድ ጣሪያ ሥርም አትቀመጥም። ስምንት ዓመት ከአርባ እርምጃ ላይ የቤቷን ጭስ እያየሁ ኖርኩ። በዚህ ሳምንት ጭሱ ጠፋ። ታማ ነው። እንጨት ይዤ ገባሁ፤ ሰው አየኝ፤ ታገድኩ። ሐሙስ ከኸልዋ እንደወጣሁ ሄጄ ሼኽ መልሐም ጉልበት ላይ ወደቅሁ። እስክትድን ብቻ ይፍቀዱልኝ አልኩ። ሌላ ሰው ይውሰድላት አሉኝ። ማን? አልኩ። ነገ እናያለን አሉ። ገፋኋቸው።»

«ልጁ ሊሞት ሲል ዝም ያልከው ለምንድን ነው?» አለች ዘሂያ።

«እኔ ከታሰርኩ እንጨቱን ማን ይወስድላታል?»

ቤቱ ሙሉ ሰው መሬት መሬቱን አየ። ከእነሱ አንድም አልወሰደላትም ነበር፤ ዘሂያም ጭምር።

ፋሪስን ፈቱት፤ ሸኪብን በእሱ ቦታ ዘጉበት። ዘሂያ የፋሪስን ግንባር ሳመችና ከቤቷ አንድ ሸክም እንጨት ተሸክማ ወጣች። ዐድላ ግድግዳ ተደግፋ በሩን ከፈተች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሸኪብ ነው የላከሽ? ደህና ነው?»

ዘሂያ መዋሸት አትችልም።

«አይደለም፤ ታስሯል። ሼኽ መልሐምን የገደለው እሱ ነው። ያጋለጥኩት እኔ ነኝ።»

ዐድላ እጇን ከግድግዳው አንስታ መዝጊያውን ያዘች።

«እንጨትሽን ይዘሽ ሂጂ» አለችና በሩን ዘጋች።

ዘሂያ ግን አልሄደችም። እንጨቱን ደጃፉ ላይ አወረደች፤ በረዶው ላይ ተቀመጠችና በሩ እስኪከፈት መጠበቅ ጀመረች።