የሚጠበቀው፦ ቂም

ጠዋት ጠዋት የትርሲት የመጀመሪያ ሥራ ከመስታወቶቹ ላይ ሕልም መጥረግ ነው። «ጠል» በምትባለው የጠፈር መርከብ ውስጥ የተኙት መንገደኞች ሲያልሙ ከላያቸው ያለው መስታወት እንደ ድስት ክዳን ያልበዋል፤ ካልተጠረገ እየተንጠባጠበ ወለሉን ያረጥባል። የዝናብ ሕልም እጅ ያቀዘቅዛል። የሠርግ ሕልም ሞቅ ይልና ጣት ላይ ይጣበቃል፣ በውኃ እንኳ ቶሎ አይለቅም። ትርሲት እናቷ ጋ ስትደርስ ፊቷን ዞር አድርጋ ነው የምትጠርገው። የሰው ሕልም አፍጥጦ ማየት ነውር ነው፤ የእናት ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

መርከቧ መድረሻዋ ላይ ደርሳ አዲሲቱን ምድር በዝግታ እየዞረች ነበር። መንገደኞቹም በየረድፋቸው እየተቀሰቀሱ ነው። የእናቷ የወይዘሮ የሺመቤት ተራ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከነቃች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጠል አእምሮ የተጻፈው ጃቫ በሚባል ጥንታዊ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ለምን አትበሉኝ፤ ሲሠራ የኖረን ነገር የሚነካ ደፋር አልተገኘም። በጃቫ መጀመሪያ ንድፍ ይጻፋል፣ ክላስ ይሉታል፤ ልብስ ሰፊ ቆርጦ እንደሚያስቀምጠው የወረቀት ልክ መሆኑ ነው። ከዚያ ንድፍ የሚወለደው እያንዳንዱ ኦብጀክት ግን የራሱ ስምና የራሱ ትዝታ አለው። በጠል ላይ ለእያንዳንዱ ሰው «ጠባቂ» የሚባል አንድ ኦብጀክት ተመድቦለታል። ሰው ሲተኛ ትዝታውን፣ ፍርሃቱን፣ ፍቅሩንና ቂሙን ተቀብሎ የሚይዝለት፣ ሲነቃም የሚመልስለት እሱ ነው።

በቅርቡ የገጠማቸው የአቧራ ውሽንፍር የእናቷን ጠባቂ የያዘውን ሣጥን መታው። ጠባቂው በጥድፊያ ወደ ሌላ ሣጥን ተገለበጠ። የተዛወረ ጠባቂ ደግሞ ሳይፈተን አይለቀቅም። አረንጓዴ ከበራ ሰውየው ይነቃል። የመንቂያው ሰዓት ደርሶ አሁንም ቀይ ከሆነ ግን ጠባቂው ይደመሰስና ሰውየው በተሳፈረ ቀን በተቀዳለት ቅጂ ይነቃል፤ በመንገድ ያለመው ሁሉ ቀረ ማለት ነው።

ለሌላ ሰው ይሄ ምንም አይደል። ትርሲት ግን እናቷ በተሳፈረችበት ቀን ያለቻትን አልረሳችም። የባሌን መቃብር ጥዬ አልሄድም ብላ ስትሟገት ከርማ፣ በመጨረሻ በሩ ላይ ዞር አለችና፣ «የምከተልሽ ስለምወድሽ እንዳይመስልሽ። ሌላ ልጅ ስለሌለኝ ነው» አለቻት። ከዚያ ገብታ ተኛች። ትርሲት የፈራችው ያቺው ሴት፣ ያንኑ ቃል አፏ ላይ እንደያዘች፣ እንዳትነቃባት ነው።

«እሺ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሏት ጋሽ አምኃ።

ጋሽ አምኃ የፈተና ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ጃቫንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በዚያ ክፍል ማንም ፈታኝ ቁልፉን ከመንካቱ በፊት የሚጠብቀውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ውጤቱን ካየ በኋላ «እኔም ይሄንኑ ነበር የጠበቅኩት» እንዳይል ነው።

«የተሳፈረች ቀን የተቀዳው ቅጂና አሁን ያለው ጠባቂ እኩል ይሆናሉ ብዬ እጠብቃለሁ» አለችና ነካችው። ቀይ በራ።

ትርሲት ፊቷ ጠቆረ። ጋሽ አምኃ ሳቁ።

«አይዞሽ፣ የጀማሪ ስህተት ነው፤ እኔንም በጊዜዬ አስለቅሶኛል። ሁለት የእኩል ምልክት ደርድረሽ ስትጠይቂው ጃቫ የሚገባው ‹አንድ ቦታ የተቀመጡ፣ ያው አንዱ ናቸው ወይ?› ብለሽ ነው። ቅጂ እንዴት ብሎ ያው ራሱ ይሆናል? ይዘታቸውን እንዲያስተያይልሽ ከፈለግሽ፣ እኩል ማለት ምን እንደሆነ ክላሱ ውስጥ አንቺ ትጽፊለታለሽ።»

«የድሮዎቹ አልጻፉትም?»

«ይፈተን ብለው ደነገጉ እንጂ፣ የምር ጠባቂ ይዛወራል ብሎ ማን አስቦ። እናትሽን እናትሽ የሚያሰኛት ምንድን ነው? እሱን ጻፊ።»

ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ እንዳረፉ ቆዩ። በመስኮቱ አዲሲቱ ምድር ደመናዋን ለብሳ እንደ እንቅልፋም ትገላበጣለች። ኋላ ላይ ቀስ እያለች ጻፈች። የእናቷን ስም። ሲከፋት የምታንጎራጉረውን ዜማ። ከባሏ ሳቅ የቀረላትን ትዝታ። ድመት መፍራቷን። ለእያንዳንዱ ለብቻው የሚፈትነው ትንሽ ፈተና አበጀችለት፤ በሙያው ቋንቋ ዩኒት ቴስት የሚሉት ይሄንን ነው። መጨረሻ ላይ ቂም የሚለው ቀርቷት ነበር። ብትተወው ማን ያውቅባታል? ግን የጋሽ አምኃ ተማሪ ናትና ጨመረችው።

ስሙ አረንጓዴ። ዜማው አረንጓዴ። ሳቁም፣ ድመቱም አረንጓዴ። ከዚያ አንድ ቀይ መስመር መጣ፤ «የሚጠበቀው፦ ቂም። የተገኘው፦ ባዶ።»

ደስ አላት። ደስ ስላላት ደግሞ አፈረች።

«ጋሽ አምኃ፣ ይቺን መስመር ባጠፋትስ?»

«ማጥፋቱስ ቀላል ነው። ግን ቂሟን አቧራው በልቶት ይሁን እሷ ትታው፣ በምን አወቅሽ?»

«አላወቅኩም፤ የጨነቀኝም እሱ ነው። የተበላሸች እናት ነቅታ ብታቅፈኝ ምን ይረባኛል?»

ጋሽ አምኃ ጺማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «እስቲ ምንም ባልነካው ጠባቂ ላይ ሞክሪው» አሉ።

ያልተዛወረ ጠባቂ የፈተነ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም፤ ጤነኛን ማን ይፈትናል? ትርሲት ፈተናው እያንዳንዱን ሰው ከራሱ የመሳፈሪያ ቀን ቅጂ ጋር እንዲያስተያይ አድርጋ፣ ከእናቷ ጎን የተኛችውን የልብስ ነጋዴ አስገባች። ቀይ። ከእሷ ቀጥሎ ያለውን አናጢ። ቀይ። «እስቲ እኔን» አሉ ጋሽ አምኃ፤ ተረኞችም በየተራቸው ስለሚተኙ ጠባቂ አላቸው። እሳቸውም ቀይ ሆኑ።

«ወንድሜን ዓይኑን አልይ ብዬ ነው የተሳፈርኩት» አሉ መስመሩን እያነበቡ። «አሁን ስሙ ሲነሳ ሆዴ ይባባል። መቼ እንደሆነ አላውቅም።»

ፈተናውን በመርከቧ ሁሉ ላይ ለቀቀችው። ከተኙት ሁሉ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ የሆነ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ የተኛ ሽመክት የሚባል ሰው። ሄደው አዩት። መስታወቱ ደረቅ ነበር። ጠራጊዎቹ አያስቸግርም ብለው ይወዱት ነበር። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሚያነሳለት ግን መተንፈሻ መሣሪያው ነው። ጋሽ አምኃ ግንባሩን ዳሰሱና እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱ።

«ነፍስ ይማር» አሉ። «ፈተናችንን ያለፈው እሱ ብቻ ነው።»

ትርሲት ወደ ክፍሉ ተመልሳ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው የራሷን ጠባቂ አስገባች። ከስሟ በቀር ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ እያለ ወረደ። ፍርሃቶቿ ተለውጠዋል፤ የምትወደው ዜማም ሌላ ሆኗል። ግርጌው ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር ቀረች፤ «የሚጠበቀው፦ ቂም። የተገኘው፦ ቂም።»

ጋሽ አምኃ አይተዋታል፤ ግን ወደ መስኮቱ ዞሩላት። ትርሲት መስመሯን ደጋግማ አነበበቻት። በመንገድ ሁሉ እናቷ እንዳትቀየማት ስትፈራ፣ የተቀየመችው እሷ ናት። አለቀሰች።

ስትረጋጋ የጻፈችውን ፈተና አጥፍታ ሌላ ጻፈች። ስሙን የሚያውቅ፣ የሚያልም፣ ከተሳፈረበት ቀን ጥቂት እንኳ የተለወጠ ሰው ይለፍ፤ ምንም ያልተለወጠ ይውደቅ። ቂሙን የበላው አቧራው ይሁን አይሁን ይሄም አይነግራትም። ታውቀዋለች። ጋሽ አምኃ አንብበው፣ «በእኔ ኃላፊነት» አሉ። አረንጓዴ በራ።

እናቷ ከሰዓት በኋላ ነቃች። ጣራውን አየች፣ እጆቿን አየች፣ ከዚያ ልጇን።

«ከስተሻል» አለቻት።

«እማዬ።»

«ስንጣላ ነው የከረምነው እኮ። እየመጣሽ ትሟገቺኛለሽ፤ መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የምረታሽ። ኋላ ኋላ ደከመንና ቁጭ ብለን ስለ አባትሽ ማውራት ጀመርን። እንዴት ያለ ጨዋታ መሰለሽ።» እናቷ እጇን ያዘቻት። «ለቃሌ ይቅር ብለሽኛል። አንቺው ነሽ ያልሽኝ።»

ይቅር ያለቻት የሕልሟ ትርሲት ነበረች። ይቺኛዋ ከሩቅ ቆማ መስታወት ስትጠርግ ነው የኖረችው። «አዎ» ማለት ቀላል ነበር፤ ቃሉም አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«እኔ ገና ነኝ፣ እማዬ» አለች።

እናቷ ለአፍታ ተመለከተቻት። አልተቆጣችም። አልጋው ላይ እየተንፏቀቀች ጠጋ አለችና ከጎኗ ቦታ ለቀቀችላት።

«እንግዲያው ቁጭ በይ» አለቻት። «ከመጀመሪያው እንጀምረዋለን።»