የወፈረው ብረት

ቦክሰኛው በእንፋሎት ክፍሉ ወለል ላይ፣ እስከ አንገቱ ላስቲክ ልብስ እንደለበሰ ሞቷል። የስፖርት ሐኪሟ አጠገቡ ተንበረከከች። ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ የጣቶቹ አንጓ ተልጧል።

«ትናንት ክሊኒኬ መዝኜዋለሁ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ለነገው ግጥሚያ ክብደቱ ልክ ነበር። ጠብታ ላብ እንዳታወጣ ብዬው ነበር!»

«እዚህ ሲመዘን ሦስት ኪሎ ትርፍ አለው። የተሳሳተው የእርስዎ ሚዛን ነው» አለ አሰልጣኙ። ላስቲኩን ያለበሰውም፣ በሩን የዘጋበትም እሱ ነው፤ የተጠራው ፖሊስ በነፍስ ግድያ ሊይዘው ካቴና አውጥቶ ቆሟል።

አናቷ ጋለ። ቦክሰኞቹን ውሃ አይከልክሏቸው እያለች ስትለምነው ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ ሲስቅባት ኖሯል። አሁን፣ ሚዛኑ አሳስቶት እንደሆነ መርምራ፣ ይህንኑ ሰው ከካቴና ልታስጥል?

«ሌሎቹስ ልጆች?» አለችው።

«ይተዉኝ እባክዎ! ሁሉም በዚህ ሳምንት ወፈሩብኝ። ራታቸውን በግማሽ ቀነስኩ።»

«እኔም ብሆን» አለ የቡድኑ ማሳጅ ሠሪ፣ የሟች ታላቅ ወንድም፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ሱሪዬ እየሰፋ፣ ሚዛኑ ወፍረሃል ይለኛል።»

ተጠባባቂው ቦክሰኛ ግን ተረጋግቷል። ነገ በሟች ፈንታ የሚገጥመው እሱ ነው።

«አንተስ?»

«እኔ አፌን እጠብቃለሁ ዶክተር። ዛሬ ጠዋት እዚሁ ተመዘንኩ። ስልሳ፣ እንደ ሁልጊዜው።»

ሐኪሟ ሁሉንም አዳራሹ ጥግ ወዳለው አሮጌ ሚዛን ሰበሰበቻቸው። አስር ኪሎ ተብሎ የተቀረጸበትን የክብደት ብረት አንስታ ጫነችበት። አስራ ሦስት።

«ብረቱም ራት አብዝቶ ነው?»

መርገጫውን ብትገለብጠው፣ ከሥሩ በእጅ ፋሻ የተጠቀለሉ የብረት ቁርጥራጮች ተለጥፈዋል።

«እንግዲህ ስሙ። ሟች አልወፈረም። ሦስት ኪሎ ከእግሩ ሥር ተጨምሮበት፣ የሌለውን ክብደት ሲያቀልጥ ሞተ። ይህ ሚዛን የወጣበትን ሁሉ አወፈረ፤ አንድ ሰው ብቻ አለፈው።» ወደ ተጠባባቂው ዞረች። «ና ውጣበት።»

አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ሚዛኑ ላይ አወጣው። ስልሳ ሦስት።

«ጠዋት እዚሁ ስልሳ ካነበብክ፣ ሦስቱን በልብህ ቀንሰህ ነው። ትርፉን የሚያውቅ ደግሞ የለጠፈው ብቻ ነው።»

«እንዲሞት አልነበረም!» ጮኸ ልጁ። «ጋሼ ተናደው እኔን እንዲያስገቡኝ ነበር!»

ካቴናው በእሱ እጅ ላይ ጠቅ አለ። አሰልጣኙ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ዶክተር፣ ነፃ አወጡኝ።»

«ከሚዛኑ ነው ያወጣሁዎት። የዘጉበትን በር ግን እኔ ልከፍትልዎት አልችልም። የሟች አንጓ ለምን እንደተላጠ ያውቃሉ።»

ታላቅ ወንድሙ ቀና አለ።

«አንኳኩቶ ነበር እንዴ ጋሼ?»

አሰልጣኙ ሚዛኑን ሚዛኑን ያይ ጀመር።