አፏ ወደ ግራ የዞረ ዛጎል

መርከቦች ሸራቸውን አውርደው በእንፋሎት መጓዝ በጀመሩበት ዘመን፣ ባሕሩም ገና በጠላት ሳይዘጋ፣ ከወደቡ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሥዕል የምትቀርጽ አንዲት ሴት ትኖር ነበር፤ ሙያውን ከአባቷ ወርሳ፣ መርከበኛ ታናሽ ወንድሟንም ያሳደገችው በዚሁ ሙያ ነው።

ወንድምየው አንድ ቀን ከመረብ የለቀማትን፣ የጣት ጫፍ የምታህል የባሕር ቀንድ አውጣ ይዞ ወደ አንድ መምህር ሄደ። መምህሩ የባሕር ፍጥረት ሲመረምሩ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሰፈርተኛው «አባ ዛጎል» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። አይተው ጉድ አሉ፤ ያቺ ኢምንት የሌላውን ዛጎል በምላሷ ሰርስራ ሥጋውን ትመጠምጣለች፤ እንዲህ ያለች ደግሞ ተጽፋ አታውቅም። በአግኚዋ ስም ሊጠሯት ቃል ገቡ።

«እታለም፣ ሰው ልጅ ወልዶ ስሙን ያስጠራል፤ እኔ በቀንድ አውጣ ልጠራ ነው» አላት ወንድሟ እየሳቀ።

በዚያው ወር ጦርነት ተነሥቶ ዘመተ፤ መርከቡም በማዕበል ከነሰዉ ሰጠመ። መቃብር እንኳ አላገኘም፤ ለእኅቱ የቀረላት ተስፋ ስሙ በዚያች ዛጎል ላይ እንዲኖር ብቻ ሆነ።

ሐዘኗ ሳይወጣላት የዛጎሏን ሥዕል ለመምህሩ መጽሐፍ መቅረጽ ጀመረች። በመዳብ የተቀረጸ ሥዕል ሲታተም ይገለበጣልና ቀራጺው ግራውን ቀኝ አድርጎ መሥራት አለበት፤ ይህን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ምን ዋጋ አለው፤ እንባዋን እየጠረገች ያየችውን እንዳየችው ቀረጸች። መምህሩም ዓይናቸው ደክሞ ነበርና ሳያስተውሉ አሳተሙት፤ መጽሐፉም ባሕር ተሻገረ። የእንዲህ ያለ ቀንድ አውጣ አፍ ወደ ቀኝ ነውና፣ የማዶ ሊቃውንት አፏ ወደ ግራ የዞረውን ዛጎል አይተው ፈጠራ ነው ብለው ሳቁ፤ ስሙንም ሳይቀበሉት ቀሩ። ዛጎሏ ራሷ እንዳትመሰክር፣ ወደቡ በመድፍ ሲጋይ የመምህሩ ቤትም ዛጎሏን እንደያዘ አብሮ ነዶ ነበር።

ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ሄዳ መምህሩ እግር ሥር ተደፋች።

«መምህር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እባክዎ ይጻፉላቸው።»

«ጽፌ ነበር፣ ልጄ። ዛጎሏን አምጣ አሉኝ። እኔም ማየት ነበረብኝ» አሉ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መምህሩ ካረፉ ወዲህ፣ ሌላ ሊቅ ያችኑ ቀንድ አውጣ አገኘ፤ አፏንም በትክክል ወደ ቀኝ አሥሎ፣ በዚያ ጦርነት መርከቦቹን በማዕበል ባዘመቱት የባሕር ኃይል አዛዥ፣ በአድሚራሉ ስም ጠራት። ሴትዮዋ የዚህን ሊቅ መጽሐፍ አንድ ሱቅ ገብታ ገለጠችው፤ ሥዕሉን አገላብጣ አየችው፤ እንከን አላወጣችለትም። ታሪክ አድሚራሉን አስታወሰ። የወንድሟን ስም ግን ከእሷ በቀር የሚጠራ አልነበረም፤ እሷም ስትሞት የሚጠራው ጠፋ።