ጎሚስታው የለወጠው ካርድ

ልብስ ሰፊዋ የእንግሊዝኛ ትምህርት ስትጀምር የፈራችው ፊደሉን ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ከፊደል የባሰ የሚያስፈራ ነገር መጣባት።

የጎልማሶች ክፍል አስተማሪዋ ቃል የምታስጠናው በካርድ ነው። ለእያንዳንዱ አንዳንድ ካርድ ታድላለች፤ ተማሪው ተነስቶ የቃሉን ተቃራኒ የያዘውን ሰው ይፈልጋል። «ሆት» የደረሰው «ኮልድ»ን፣ «ኸቪ» የደረሰው «ላይት»ን። የተገናኙት አብረው ተቀምጠው ቃላቱን ይጽፋሉ።

የእሷ ተቃራኒ አምስት ሳምንት ሙሉ አብሯት የሚማረው ጎሚስታ እጅ ላይ ተገኘ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፤ ጥፍሩ ሥር የጎማ ጥቁረት የማይለቀው፣ ሲጽፍ እንደ ሕፃን ምላሱን የሚነክስ።

«ዛሬም አንቺው!» ይላታል። «ምን ላድርግ፣ ዕድሌ ነው።»

እሷም ዕድል መስሏት ነበር። ማክሰኞ ዕለት ግን በዓይኗ አየችው። የደረሳት ካርድ «ዴንጀረስ» ነበር፤ አደገኛ ማለት ነው፤ ተቃራኒው «ሴፍ»፣ ደህና። ጎሚስታው ካርዷን አጮልቆ አየና ከኋላ ወደ ተቀመጠችው ሌላዋ ተማሪ፣ ወደ ዘበኛዋ፣ ጎንበስ አለ።

«እቱ፣ ያንቺን ‹ሴፍ› ስጪኝ። ማስቲካ እገዛልሻለሁ።»

«ይሄ አምስተኛው ነው!» ሳቀች ዘበኛዋ። «ጥርሴን ልትጨርሰው ነው እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ያስደነገጣት የሰውየው ተንኮል አልነበረም፤ የራሷ ደስታ ነው። ቤት ውስጥ ያለችው ልጇ፣ የሃያ ሁለት ዓመቷ የፋርማሲ ሠራተኛ፣ አባቷ በሞተ በዓመቱ ጎረቤት ለእናቷ ስለ ሌላ ባል ሲያነሳ፣ «ሌላ ወንድ እዚህ ቤት ከገባ እኔ እወጣለሁ» ብላ ነበር።

«ከእንግዲህ ካርድ እንዳትለውጥ» አለችው አጠገቧ ሲቀመጥ።

ፈገግታው ጠፋ። «አስቀየምኩሽ?»

 እስክሪብቶውን አነሳች፤ አንድም ፊደል ግን አልጻፈችም። ጥቂት አየት አደረጋትና ደብተሯን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ስቦ ሁለቱን ቃላት ጻፈላት።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ልጇ ያንኑ ደብተር ዘርግታ ጠበቀቻት።

«እማዬ፣ ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?»

 የአንዲት ጓደኛዬ ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ ውሸቱ ግን አልወጣ አላት።

«የጎሚስታው ነው። አብሮኝ የሚማር። ሳልወደው አልቀረሁም።»

ልጅቷ ደብተሩን ዘጋችው። እናት ልጇ ሻንጣ አንጠልጥላ በበሩ ስትወጣ ከወዲሁ ታያት ጀመር።

«ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ» አለች ልጅቷ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ፣ «ክሊኒክ ስትሄጂ፣ ቢሮ ስትሄጂ፣ የእንግሊዝኛውን ወረቀት የማነብልሽ እኔ ነኝ። ሳትነግሪኝ ትምህርት ገባሽ። አሁን ደግሞ የሚጽፍልሽ አገኘሽ። እኔ ታዲያ ምን እሠራልሻለሁ?»

እናት ደንግጣ አየቻት። ለካ ሁለቱም ሲፈሩ ኖረዋል።

«አንቺ ሞኝ! ልጄ ነሽ እንጂ ጸሐፊዬ ነሽ እንዴ?» ብላ ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት።

ልጅቷ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «እስኪ አምጪው ልየው» አለች። «ቃል ግን አልገባም። ካልወደድኩት አልወደድኩትም ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እስከሚቀጥለው ትምህርት መታገስ አልቻለችም። ጠዋት በቀጥታ ወደ ጎማ ጥገናው ሄደች። ጎሚስታው የጭነት መኪና ጎማ ላይ ተንበርክኮ ነበር።

«እሑድ ቤት ና» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው። «ልጄ ልታይህ ትፈልጋለች። ብትጠላህ ምን እንደሚውጠኝ አላውቅም። ግን ና።»

መፍቻው ከእጁ አምልጦ ወደቀ። ግንባሩን በክንዱ ሲጠርግ ፊቱ ጥቀርሻ ሆነ።

«ልጅሽ? እኔማ ከወዲሁ መሸሽ አማረኝ።»

«ትሸሻለህ?»

ጎንበስ ብሎ መፍቻውን አነሳ።

«በስንት ሰዓት ልምጣ?»

መንገደኛው ሁሉ እያየ ጥቁር እጁን ያዘችው። «ለምሳ ድረስ» አለችው።